ለአሮጌ ላፕቶፕ የትኛው ይሻላል? ኤስኤስዲ፣ ራም ወይስ አዲስ ማሽን

እህቴ የሒሳብ ባለሙያ ናት። ቢሮዋ ውስጥ የምትሠራበት ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430 ነው። ጠዋት እንደገባች ማብሪያውን ትጫናለች፤ ጃኬቷን ታወልቃለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ጠረጴዛዋን ትወለውላለች። ተመልሳ ስታየው ያቺ ክብ ምልክት ገና እየተሽከረከረች ነው። የግብር ማሳወቂያ ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ከአንድ ሪፖርት ወደ ሌላው ለመሻገር የምትጠብቀው ደቂቃ ተጠራቅሞ የምሳ ሰዓቷን ይበላባት ነበር። አንድ ቀን ደውላ «አዲስ ልግዛ ወይስ ይህንኑ ላሳድሰው?» አለችኝ።

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል፤ አዲስ ላፕቶፕ ለብዙ ደመወዝተኛ የወራት ገቢ ነው። በየቤቱና በየቢሮው ያሉት አሮጌ ማሽኖች ግን፣ በተለይ አገልግለው ከውጭ የገቡት ቲንክፓዶች፣ ዴል ላቲትዩዶችና ኤችፒ ኤሊትቡኮች፣ አካላቸው ጠንካራ ነው፤ ፕሮሰሰራቸውም ለቢሮ ሥራ አያንስም። ብዙ ጊዜ የደከመው አንድ ክፍላቸው ብቻ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ። ለእህቴ ሃርድ ዲስኩን የሚተካውን፣ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ማከማቻ እንድትገዛ ነገርኳት። ይሁን እንጂ መልሱ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም፤ ኤስኤስዲ ልግዛ ብሎ የማይሆነውን ገዝቶ የተመለሰም ብዙ ነው።

መጀመሪያ የሚያዘገየውን መለየት

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ አድርጉ። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሏቸውን ሦስት ቁልፎች አብራችሁ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈትና የፕሮሰሰሩ፣ የሚሞሪው (የተከፈተውን ሥራ ለጊዜው የሚይዘው ራም) እና የዲስኩ የሥራ ጫና በመቶኛ ይታያል። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተተክሎ ፕሮሰሰሩ 10 ወይም 15 በመቶ ላይ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ኤስኤስዲ የሚያድነው እንዲህ ያለውን ማሽን ነው።

ሚሞሪው ከ90 በመቶ ካለፈ ነገሩ ሌላ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት አሥር የኢንተርኔት ገጽ ሲከፈትበት ራሙ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ዊንዶውስም የተትረፈረፈውን ወደ ዲስኩ ያወርዳል፣ ሲፈለግ ደግሞ መልሶ ያነሣል። ስለዚህ ዲስኩም አብሮ 100 በመቶ ያሳያል። ይህን አይቶ ጥፋቱን ሁሉ ዲስኩ ላይ የሚያሳብብ ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያገኘው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። 8 ጊጋባይት ራም ካላችሁና ዲስኩ የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ፣ ኤስኤስዲ ብቻ ግዙ፤ ራም መጨመር ለቢሮ ሥራ ልዩነቱ አይታያችሁም። 4 ጊጋባይት ካላችሁና ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነም ኤስኤስዲው ይቅደም። ራም መጨመር ማሽኑ የሚነሣበትን ጊዜ አያሳጥርም፤ ኤስኤስዲ ግን እሱንም ያሳጥራል፣ ራሙ ሞልቶ ሲፈስም የሚፈስበትን ቦታ ፈጣን ያደርገዋል። ከዚያ ገንዘብ ሲገኝ ራሙን ወደ 8 አሳድጉ። ያገለገለ ራም ስትገዙ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የሚባሉት አንዱ በሌላው ቦታ እንደማይገባ አትርሱ፤ የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ መሄድ ይሻላል። ፕሮሰሰሩ ራሱ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ግን ሁለቱም አይረዷችሁም፤ ቫይረስ ወይም አቧራ የደፈነው ማቀዝቀዣ መኖሩን አስፈትሹ።

አዲስ ማሽን መግዛት የሚያዋጣው መቼ ነው? ማጠፊያው ተሰብሮ፣ ባትሪው ሞቶ፣ ኪቦርዱም ግማሹ አልሠራ ብሎ ሦስቱ በአንድ ላይ ሲመጡ ነው። ሌላው ምክንያት የዊንዶውስ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና፣ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ኤስኤስዲ ይህን አይለውጠውም። የምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ዊንዶውስ 11 ካስገደደ፣ እንደ እህቴ ላፕቶፕ ባለ 3ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ላይ ገንዘብ አታፍሱ። ሥራችሁ ጽሑፍና ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ በአሮጌው ማሽን ላይ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ነፃው ሊኑክስ ሚንት ከኤስኤስዲ ጋር እጅግ ደስ የሚል ጥምረት ነው፤ ፒችትሪ ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል

ሃርድ ዲስክን የሸክላ ማጫወቻ አድርጋችሁ አስቡት። ሸክላው ይሽከረከራል፣ ክንዱ የሚፈለገው መስመር ላይ እስኪደርስ ይንቀሳቀሳል። የላፕቶፕ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ክንዱ ቦታው ላይ ለመድረስ 12 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የሚፈለገው መረጃ ዞሮ ከሥሩ እስኪመጣ ደግሞ በአማካይ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ይጨመራል። ተደምሮ ሲታይ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ብቻ ነው ቦታ መቀያየር የሚችለው። ዊንዶውስ ሲነሣ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከየጥጉ ይለቅማል። ያን ጊዜ ነው ዲስኩ ሲንቀጫቀጭ የሚሰማው።

ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። የትኛውንም ፋይል በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ያገኘዋል። የሚታየው ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ካርቶኑ ላይ በትልቁ ከሚጻፈው «በሰከንድ 550 ሜጋባይት» አይደለም። ይህን መረዳት ገንዘብ ይቆጥባል፤ ምክንያቱም ሻጩ በሰከንድ 3,500 ወይም 7,000 ሜጋባይት የሚል ሲያሳያችሁ፣ ቁጥሩ እውነት ቢሆንም ለእናንተ አሮጌ ላፕቶፕ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከሃርድ ዲስክ ወደ ተራው ኤስኤስዲ የሚደረገው ዝላይ ትልቅ ነው፤ ከተራው ወደ ፈጣኑ የሚደረገው ለሒሳብ፣ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ሥራ እምብዛም አይታወቅም።

የትኛው ዓይነት ይገባል

እዚህ ላይ ምርጫው የእናንተ ሳይሆን የማሽኑ ነው። በመጠኑ እንደ ሃርድ ዲስኩ የሆነው፣ 2.5 ኢንች የሚባለውና ሳታ በተባለው ማገናኛ የሚሰካው ኤስኤስዲ፣ ሃርድ ዲስክ ይዞ በመጣ ላፕቶፕ ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ይገባል። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 7 ሚሊሜትር ነው፤ የድሮው ዲስክ 9.5 ሚሊሜትር ከሆነ በክፍተቱ የምትገባ የፕላስቲክ ክፈፍ ያስፈልጋል። ከ2011 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ማሽኖች የሳታ ፍጥነታቸው በግማሽ ያነሰ ነው፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ግን አትተዉት፣ መረጃ የማግኛው ጊዜ ያው ስለሆነ እነሱም ነፍስ ይዘራሉ።

ሁለተኛው እንደ ማስቲካ ጥቅል ቀጭንና ሞላላ የሆነው፣ ኤም.2 የሚባለው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤም.2 የቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም፤ በውስጡ ሳታም ሊሆን ይችላል፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነትም ሊሆን ይችላል። አንድ የጎረቤታችን ልጅ ዱባይ ላለው አጎቱ «ኤም.2 ላክልኝ» ብሎ ኤንቪኤምኢ መጣለት፤ የላፕቶፑ ቀዳዳ የሚቀበለው ሳታውን ብቻ ሆኖ ያ ዕቃ ለወራት መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ልጁ ገንዘቡን ያጠራቀመው ቤት ለቤት እያስጠና ነበርና ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በመልክ ለመለየት፣ ኤንቪኤምኢው ጫፉ ላይ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥርስ ብቻ የጎደለው ነው፤ ሳታው ሁለት። ርዝመቱም ይለያያል፤ 2280 ማለት ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ነው፣ 2242 ደግሞ አጭሩ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፑን ሙሉ የሞዴል ስም ከሆዱ ላይ አንብባችሁ የአምራቹን የጥገና መመሪያ ተመልከቱ። ሁለቱንም ቦታ የያዘ ማሽን ከሆነ፣ ስለ ቀዳዳው እርግጠኛ ካልሆናችሁ 2.5 ኢንቹን ምረጡ።

ስለ ማክቡክ በአጭሩ፦ የ2012 አጋማሹ ባለ 13 ኢንች ማክቡክ ፕሮ፣ ሬቲና ያልሆነው፣ 2.5 ኢንች ይቀበላል። ከ2013 እስከ 2017 ያለው ማክቡክ ኤር የራሱ የአፕል ቀዳዳ ስላለው ማገናኛ ይፈልጋል። ከ2018 ጀምሮ ያለው ኤር ማከማቻው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይለወጥም። ኢኤምኤምሲ የሚባል ማከማቻ ያላቸው ርካሽ ትናንሽ ላፕቶፖችም እንዲሁ ናቸው።

ስንት ጊጋባይት፣ የማን ሥራ

240 ጊጋባይት የሚለው ዊንዶውስ ላይ 223 ሆኖ፣ 480 የሚለው 447 ሆኖ ይታያል። ማንም አልሰረቃችሁም፤ አምራቹ በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ 240 ይበቃል። ፎቶና ቪዲዮ የሚያከማች ሰው ግን በወራት ውስጥ ይሞላዋል፤ ኤስኤስዲ ደግሞ አፉ ድረስ ሲሞላ ይዘገያል።

በ480 እና በ500 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን 500ውን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ 500 ከሆነ፣ 500 የሚለው ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ ከእሱ ጋር እኩል ስለሆነ እንዳለ መገልበጥ ይቻላል። 480ው ግን ያንሳል፤ ዲስኩ ግማሹ ባዶ ቢሆን እንኳ ክሎንዚላን የመሰሉ መገልበጫዎች መድረሻው ከመነሻው አነሰ ብለው እምቢ ይላሉ፤ መጀመሪያ የአሮጌውን ዲስክ ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) ማጥበብ ያስፈልጋል። የሚቻል ሥራ ነው፤ ለጀማሪ ግን አላስፈላጊ ጭንቀት ነው።

ስለ ጥራት ስንመጣ፣ ርካሾቹ እንደ ኪንግስተን ኤ400 እና ክሩሻል ቢኤክስ500 ያሉት ዲራም የሚባለው የራሳቸው ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ የላቸውም። ብዙ ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ሲገለበጥባቸው ፍጥነታቸው ይወርዳል፤ ማሽኑ ሲነሣና ቃል ስንጽፍ ግን ልዩነቱን አናየውም። እንደ ሳምሰንግ 870 ኢቮ እና ክሩሻል ኤምኤክስ500 ያሉት ዲራም ያላቸውና የ5 ዓመት ዋስትና የተሰጣቸው ናቸው። ቪዲዮ የምታርትዑ ወይም ፎቶ ቤት ያላችሁ ከሆነ ጨምራችሁ እነዚህን ግዙ። ለእህቴ ዓይነት ሥራ ርካሹ ይበቃል። «ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» የሚለው ስጋትም ይቅር፤ የ240 ጊጋባይቱ ኤ400 አምራቹ 80 ቴራባይት እንዲጻፍበት ነው ያስቀመጠው። በቀን 20 ጊጋባይት ብትጽፉበት፣ የቢሮ ሰው ይህን ያህል አይጽፍም፣ ወደ 11 ዓመት ይወስዳል።

መፍራት ያለባችሁ ስሙ የማይታወቀውን ነው። በማይታመን ዋጋ «2 ቴራባይት» የሚል ዕቃ ስታገኙ፣ መጠኑን እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከእውነተኛው አቅሙ በላይ የምትጽፉት ፋይል ይጠፋል። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዕቃውን እስከ ጫፉ ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ያገለገለ ኤስኤስዲ ከሆነ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ከፍታችሁ የጤናውን መቶኛ፣ የሠራበትን ሰዓትና የተጻፈበትን መጠን እዚያው ሱቁ ውስጥ ተመልከቱ። ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ለማሳየት ካንገራገረ ሌላ ሱቅ ሂዱ፤ መገናኛም መርካቶም ሱቅ ሞልቷል። ከውጭ ዘመድ የሚመጣላችሁ ከሆነ ዕቃው 50 ግራም አካባቢ ስለሆነና ባትሪ ስለሌለው የማንንም ሻንጣ አያከብድም፤ ዋስትናውን ለማስከበር ግን ወደተገዛበት አገር መላክ ሊኖርባችሁ ስለሚችል፣ ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አስልኩ።

መገልበጥ ወይስ ፎርማት

ጥገና ቤት ስትሄዱ ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚላችሁ «ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ ልጫንልሽ» ነው። ለእሱ ቀላል ነው፣ ማሽኑም ንጹሕ ይሆናል። ቫይረስ ለወረረው ላፕቶፕ እኔም ይህንኑ እመርጣለሁ። ነገር ግን ከመስማማታችሁ በፊት በላዩ ላይ ያለውን አስቡ።

በእህቴ ማሽን ላይ የነበረውን ፒችትሪ የጫነላት ሰው ከቢሮው ከለቀቀ ቆይቷል፤ መጫኛ ሲዲውም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የአምስት ዓመት የድርጅት ሒሳብ በውስጡ ነው። ከዚያ ደግሞ ደብዳቤዎቹ አሉ፤ ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ በመቶ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች። ያ ፎንት በሌለበት አዲስ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነው ይወጣሉ። ሰው ፋይሌ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ ፋይሉ ደህና ነው፣ የጠፋው ፎንቱ ነው። የአታሚውም ጉዳይ አለ፤ የሚያሠራውን ፕሮግራም (ድራይቨሩን) እንደገና መፈለግ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ስለዚህ ለእሷ መገልበጥን መረጥኩ፤ ዊንዶውሱም፣ ፒችትሪውም፣ ፎንቱም፣ አታሚውም እንዳለ ይሻገራል። የሚያስፈልገው ሳታን ከዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድና እንደ ክሎንዚላ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ሳምሰንግ የመሳሰሉት አምራቾች ለራሳቸው ዕቃ ቀለል ያለ መገልበጫ ያቀርባሉ። ገመዱን ሰማያዊ ምላስ ባለው ዩኤስቢ 3 ላይ ሰኩት፤ 200 ጊጋባይት መረጃ ከአንድ ሰዓት በታች ሊያልቅ ይችላል፣ በዩኤስቢ 2 ግን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ? የብዙዎች ላፕቶፕ ባትሪው ስለሞተ ይህ እውነተኛ ስጋት ነው። መልካሙ ነገር፣ ሲገለበጥ አሮጌው ዲስክ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ። ሰዎች ልባቸው ሊቆም እስኪደርስ የሚያስደነግጣቸውን ስሕተት የሚሠሩት ሌላ ቦታ ነው፤ መነሻውንና መድረሻውን በማምታታት ባዶውን በሙሉው ላይ ይገለብጣሉ። ሁለቱ ዲስኮች በስማቸውና በመጠናቸው እስኪለዩላችሁ ድረስ «እሺ» የሚለውን አትጫኑ። ከዚያ በፊት ደግሞ የፒችትሪውን ባክአፕ ከራሱ ከፕሮግራሙ ውስጥ አውጥታችሁ በፍላሽ ያዙ። አሮጌው ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካወጣ መገልበጡን ተዉት፤ መጀመሪያ ሰነዶቹን ብቻ አድኑ።

ብሎን አንድ

ቲ430ን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ባትሪውን አወጣሁ፤ ይህ መቼም የሚዘለል ነገር አይደለም። የዲስኩን ክዳን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው። በካቻቢቴ ፈትቼ ክዳኑን ወደ ጎን ሳብኩት፤ ዲስኩ ላይ የተለጠፈች የፕላስቲክ ምላስ ብቅ አለች። እሷን ይዤ ሳብ ሳደርግ ዲስኩ በግራና በቀኝ ጥቁር የጎማ ሐዲድ እንደለበሰ ተንሸራቶ ወጣ። ሐዲዶቹን አውልቄ ለኤስኤስዲው አለበስኩት፣ በገባበት መንገድ መልሼ እስኪነክስ ገፋሁት። እህቴ በሁለት እጇ አሮጌውንና የአዲሱን ባዶ ካርቶን ይዛ «ይሄ ድንጋይ ነበር እንዴ ውስጡ?» አለች። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ሌሎች ማሽኖች ይህን ያህል አይመቹም፤ ሙሉ የታች ክዳን የሚከፈትባቸው ከሆኑ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደርድሩ፣ ርዝመታቸው ይለያያልና።

ማብሪያውን ተጫነች። ጃኬቷን ለማውለቅ ዞር ስትል የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ገጽ መጣ።

ከዚያ በኋላ የሚቀር ነገር ትንሽ ነው። ዲስክ የማስተካከል፣ ዲፍራግ የሚባለውን ሥራ አትሥሩበት፤ ዊንዶውስ ትሪም የተባለውን የራሱን ጽዳት ያደርጋል። ትሪም ግን ሌላ መዘዝ አለው፤ ከኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ፋይልን መልሶ ማውጣት ከሃርድ ዲስክ ይልቅ እጅግ ከባድ ነው። ኤስኤስዲ ሲሞትም እንደ ሃርድ ዲስክ ድምፅ እያሰማ ላያስጠነቅቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት አሮጌውን ዲስክ ወዲያው ፎርማት አድርጋችሁ አትሽጡት። እህቴ የሷን ለሦስት ወር እንዳለ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ሁሉ ደህና መሆኑን ካየች በኋላ የዩኤስቢ ማቀፊያ ገዝታ አስገባችው፤ አሁን ሁልጊዜ ዓርብ ከመውጣቷ በፊት የሳምንቱን ሒሳብ ትገለብጥበታለች።